ከውጭ የተቆለፈ በዓል

ጃፋር ለአንድ ጨዋታ ብቻ ነበር የገባው። ሲምል ብትሰሙት ታምኑት ነበር፤ ግን ጌም ቤት ገብቶ «አንድ ብቻ» ብሎ በአንድ የወጣ ሰው እስቲ የታለ?

ቀኑ ደግሞ የሚቀለድበት ቀን አልነበረም። ጭድ ተራ ፍራሽ የሚሰፋው ጃፋር ሀምዲያን ከወደዳት ሁለት ክረምት አልፏል፤ አባቷን ግን ደፍሮ አላነጋገረም። አንዴ «ትንሽ ልደራጅ» ይላል፣ አንዴ «ከረመዳን በኋላ» ይላል። ልጅቷ ሰለቻት። ጅዳ የሚልክ ደላላ አገኘችና ፓስፖርቷን አወጣች። ትናንት ታዲያ ቁርጡን ነገረችው።

«መኪናው ነገ አስር ሰዓት ላይ ይወስደኛል። ከዚያ በፊት መጥተህ አባቴን ካነጋገርክ እቀራለሁ። ካልመጣህ ግን ሁለተኛ ስሜን እንዳታነሳ።»

«ወላሂ እመጣለሁ» አለ ጃፋር። ከልቡም ነበር። ፀጉሩን ተስተካከለ፣ የወንድሙን ኮት ተውሶ ለበሰ፣ ከምሳ በኋላ ወጣ።

መንገዱ በውብሸት ጌም ቤት በኩል ነው፤ እዚያ ደግሞ በዓል ነበር። የኳሱ ጌም የመጀመሪያው ቁጥር ከወጣ አስር ዓመት ሞልቶታል። በየዓመቱ አዲስ ቁጥር ስለሚወጣ የሰፈሩ ልጆች ዕድሜያቸውን በእሱ ይቆጥራሉ፤ «ሦስተኛው ሲወጣ ማትሪክ ወደቅኩ» ይባባላሉ። ውብሸት ከአንደኛው ጀምሮ ያሉትን ሲዲዎች አሰባስቦ፣ ፊኛ ሰቅሎ፣ ድፎ ዳቦ አስጋግሮ ይጠብቃል። ደንቡ ሁሌም ያው ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል። የቤቱ ሻምፒዮን ጃፋር ስለሆነ በዓሉን የሚከፍተው እሱ ነው።

«ሙሽራው መጣ!» አሉ ኮቱን ሲያዩ።

«አንድ ብቻ! ጉዳይ አለብኝ» አለና ተቀመጠ።

በአንደኛው ቁጥር አሸነፈ። በሁለተኛውም አሸነፈ። ሆን ብሎ ተሸንፎ መነሳት ይችል ነበር እኮ! በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሃል ግን ልቡ እንዴት እሺ ይበለው? አራተኛው ላይ ሲደርስ ሰዓቱን አየና ክው አለ። ጆይስቲኩን ወርውሮ ብድግ ሲል ከውጭ «አፈሳ! አፈሳ!» የሚል ጩኸት ተሰማ።

ያኔ ጌም ቤት በየጊዜው ይታፈስ ነበር። ተማሪ ያበላሻል እየተባለ ተጫዋቹ ከነባለቤቱ ተጭኖ ይሄዳል፣ ቴሌቪዥኑም ይወሰዳል። ውብሸት ለዚህ መላ ዘይዷል። «አፈሳ» ሲባል ጎረቤቱ በርበሬ ነጋዴዋ እትዬ ማሚቱ ሮጠው የቆርቆሮውን በር ከውጭ በጓጉንቸር ይቆልፉታል። ከውጭ የተቆለፈ ቤት ውስጥ ሰው አለ ብሎ ማን ይጠረጥራል? ለጠየቀ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ከተዘጋ ሰንብቷል»። ውስጥ ያለው ደግሞ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ትንፋሹን ይውጣል። ቢንኳኳም አይመልስም።

ጓጉንቸሩ ቀጭ አለ። ቤቱ መስኮት የለውም፤ ብርሃን የምትገባው ከበሩ ሥር ባለችው ክፍተት ብቻ ነው። ጃፋር እየተደናበረ በሩ ጋ ደርሶ ሊገፋ ሲል ውብሸት ክንዱን ያዘው።

«አብደሃል?» አለው በሹክሹክታ። «ባለፈው አንዱን ቴሌቪዥን ወስደውብኛል። ይሄም ከሄደ ልጆቼን ምን ላበላ ነው?»

«ሀምዲያ ልትሄድብኝ ነው፣ ውቤ!»

«ትንሽ ታገስ። አሁን ያልፋሉ።»

የሚያልፍ ግን የለም። ሙቀቱ፣ የሰው ትንፋሽ፣ የእግር ሽታ አንድ ላይ ሆኖ አፈነው፤ ላቡ በተውሶው ኮት ውስጥ ወረደ። ከመስጊድ የአስር አዛን ሲሰማ ማልቀስ ቃጣው።

በሩ ተንኳኳ። ሁሉም ደረቁ።

«ጃፋር! እዚህ ነህ?»

ሀምዲያ ናት። ያቺ ኩሩ ልጅ ራሷ ልትፈልገው መጣች!

«ምን ፈለግሽ የኔ ልጅ?» አሉ እትዬ ማሚቱ።

«ጃፋር እዚህ ሲገባ አየነው አሉኝ፣ እትዬ።»

«የቱ ጃፋር? ይሄ ቤት እኮ ከተዘጋ ሰንብቷል። ቁልፉን አታዪም?»

በእሱና በእሷ መካከል አንድ ስስ ቆርቆሮ ብቻ ነው ያለው። ጃፋር አፉን ከፈተ። የውብሸት እጅ ክንዱ ላይ እንጂ አፉ ላይ አልነበረም፤ ይህን ራሱም አይክድም። ግን አፋሾቹ አጠገቧ ቢሆኑስ? ይሄ ሁሉ ሰው በእሱ ጦስ ቢጫንስ? ደግሞስ፣ አባቷን ሊያነጋግር የወጣ ሰው ጌም ቤት ተቆልፎበት ተገኘ ቢባል በምን ዓይኑ ያያቸዋል? ፍርሃቱና እፍረቱ ተባብረው ምላሱን አሰሩት።

ከበሩ ሥር የምትገባዋ ብርሃን ለአፍታ በጥላ ተጋረደች። ቆየት ብላ፣ «እሺ» አለች ሀምዲያ በተሰበረ ድምፅ። «አመሰግናለሁ፣ እትዬ።»

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተ።

«ኑ ውጡ፣ አይዟችሁ!» እትዬ ማሚቱ እየሳቁ ነበር። «አፋሾቹ እንኳን እኛ ጋ ሊደርሱ፣ ከተክለ ሃይማኖት ነው አሉ የተመለሱት። ቶሎ ልከፍትላችሁ ስል አንዲት ሰላይ መጥታ ድርቅ አለችብኝ፤ ዘዴ ፈጥሬ ሸኘኋት።»

ጃፋር ሮጠ። ተሸካሚ ገፍቶ፣ የሰው ዕቃ ረግጦ፣ እየተሰደበ እነሀምዲያ ግቢ ደረሰ። መኪና የለም። አባቷ በር ላይ ብቻቸውን ቆመዋል።

«አባባ፣ ሀምዲያ…»

ሰውዬው ኮቱን ትተው እግሩን ነበር የሚያዩት።

«ጃፋር የምትባለው አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ከበሩ ሥር ጫማህን አየችው» አሉ። «እዚያው ቆሞ ዝም አለኝ ብላ ነው የሄደችው።»