የታሸጉት አምስት ቀዳዳዎች

ሚስተር ዶይል ክራብትሪ ሲደውሉልኝ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሚስታቸው አልጋ በላይ ሁለተኛ ኤሲ እንድገጥምላቸው። ኤሲውን ገዝተው በካርቶኑ እንዳለ ተጎታች ቤታቸው ሥር አስቀምጠውታል።

"ጣሪያው ላይ ወጥቼ ራሴ እገጥመው ነበር" አሉኝ። "ሰባ አራት ዓመት ሆነኝና መሰላል ፈራሁ።"

ዕለቱ ረቡዕ፣ ወሩ ሐምሌ ነበር። በእኛ የቴክሳስ ባሕር ዳርቻ፣ ብርዱን ሸሽተው ከሰሜን የሚመጡት ሽማግሌዎች ሚያዝያ ላይ ቤታቸውን በፒክአፕ እየጎተቱ ይመለሳሉ። በሐምሌ ተጎታች ቤቶቹ በሚቆሙበት ካምፕ ውስጥ የሚቀረው ሌላ መሄጃ የሌለው ሰው ነው። ሚስተር ዶይልና ባለቤታቸው ሚስ ኔልዳ የድሮ ቤታቸውን ከሸጡ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። እኔ ኮሌጅ ከጨረስኩ ወዲህ የምሠራው እንዲህ ያሉ ቤቶችን መጠገን ስለሆነ ሁለቱንም በሩቁ አውቃቸዋለሁ።

የእነሱ ዓይነት ቤት ሲጎተት ፊቱ ፒክአፑ ጀርባ ላይ ስለሚሳፈር፣ መኝታ ክፍሉ ከሳሎኑ ሦስት ደረጃ ከፍ ይላል። ሙቀት ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ይወዳል። ሚስ ኔልዳ የነርቭ ሕመምተኛ ናቸው። ክፍሉ ሲሞቅ እግራቸው አይታዘዝላቸውም፣ ዓይናቸውም ይደበዝዛል። ባለፈው ሳምንት ነርሷ አራሴሊ መጥታ ስትለካ ክፍላቸው ሰማንያ ስድስት ፋራናይት፣ በሴልሺየስ ሠላሳ፣ ሆኖ አገኘችው። "አርብ ከሰዓት እመለሳለሁ" ብላ ሄደች። "የምትተኛበት ቦታ ከሰባ ስምንት ካለፈ ከተማ ባለው መጦሪያ አልጋ እንዲያዝላት እጽፋለሁ። ወድጄ አይደለም።"

በመጦሪያው ለባል የሚሆን አልጋ የለም። አርባ ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል።

መጀመሪያ ያየሁት ቤቱ መብራት የሚያገኝበትን ምሰሶ ነው።

"ይህ ምሰሶ ሁለት ኤሲ አይችልም፣ ሚስተር ዶይል። ሁለተኛው ሲነሳ ሁለቱም ይጠፋሉ።"

"በተራ ይሥሩ።"

"በተራ ከሠሩማ ያለዎት አንድ ነው።"

"ኮሌጅ የገባኸው እምቢ ማለት ለመማር ነው?"

"እሱን እንኳ የተማርኩት ከአባቴ ነው።"

ፈገግ አሉና በሩን ከፈቱልኝ። የሳሎኑ ሙቀት ፊቴን መታኝ። ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ቴርሞሜትሬን አውጥቼ ስለካ ዘጠና ሦስት አለ። ወደ መኝታ ክፍሉ የሚያወጡት ደረጃዎች ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ እንደ መጋረጃ ተሰቅሏል። ኮርኒሱ ላይ ካሉት ክብ የአየር መውጫ ቀዳዳዎች አምስቱ በብርማ ፕላስተር ታሽገዋል፤ ጠርዛቸው በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። በሩ አጠገብ ካሉት አራት ምስማሮች ሦስቱ ላይ ሰማያዊ ሸሚዞች ተንጠልጥለዋል። ሚስተር ዶይል የለበሱት አራተኛው በላብ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል።

"ቅዝቃዜው ሁሉ ወደ እሷ እንዲሄድ ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እዚህ ለምን ይባክናል?"

"እርስዎስ?"

"እኔ ሠላሳ ዓመት በያጅ ነበርኩ። ሙቀት ዘመዴ ነው።" የለበሱትን ሸሚዝ አውልቀው ፊታቸውንና አንገታቸውን በፎጣ ጠረጉ፤ ከምስማሩ ደረቅ ሸሚዝ አውርደው ለበሱ። "ላይ ስንወጣ የፕላስተሩን ነገር እንዳታነሳ። ታችም ቀዝቃዛ ነው ብያታለሁ።"

"አላነሳም። እሳቸው ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።"

"ማን ይጠይቅሃል?"

ሚስ ኔልዳ ትራስ ተደግፈው የታጠበ ልብስ እያጠፉ ነበር። ከእጃቸው ያልወጣ ሥራ እሱ ብቻ ነው። እጄን ወደ አየር መውጫው ዘረጋሁ። ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ ግን ጉልበት የለውም።

"ጠዋት ጠዋት ደግ ነው" አሉኝ። "ከምሳ በኋላ የውሻ ትንፋሽ ይሆናል።"

ሚስተር ዶይል ጣሪያው ላይ ያለውን ኤሲ እንዳይ መሰላል ሊዋሱ ወጡ። በሩ ሲዘጋ ሚስ ኔልዳ ልብስ ማጠፋቸውን አቆሙ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ። ሰው በቀን አራት ሸሚዝ የሚለብሰው ለምንድን ነው?"

ቴርሞሜትሬን ወደ ኪሴ ከተትኩ።

"የማጥፈው እኔ ነኝ። በሳምንት ሃያ ስምንት። ታች ስንት ነው?"

"ዘጠና ሦስት።"

ያጠፉትን እጅጌ ፈትተው እንደገና አጠፉት።

"ለእርስዎ ብለው ነው" አልኩ።

"ለኔ ብሎ መሆኑን አጥቼው ነው? ለኔ ብሎ እዚያ ወንበር ላይ ደርቆ ቢቀር ማን ይነግረኛል? ሦስት ደረጃ ወርጄ ማየት አልችል።"

"ለምን አልነገሯቸውም?"

"ብነግረው ማስመሰሉን ይተዋል። ሙቀቱን ግን አይተውም።"

ሚስተር ዶይል ሲመለሱ መሰላሉ አላስፈለገንም። ሳሎን ገብቼ ኮርኒሱ ላይ ያለውን የኤሲውን የታች ክዳን በካቻቢቴ ፈትቼ በባትሪ አበራሁ። ከዚያ ጠራኋቸውና ባትሪውን ሰጠኋቸው። የማቀዝቀዣው ስስ የብረት ክንፎች በጣት ውፍረት በረዶ ለብሰው ነበር።

"ይህ ማሽን የሳበውን አየር መልሶ መተንፈስ አለበት" አልኳቸው። "ካልተነፈሰ ቅዝቃዜው እላዩ ላይ ይቀራል። የእኛ አገር አየር ደግሞ ግማሹ ውሃ ነው። ውሃው በረዶ ይሠራል፣ በረዶው መንገዱን ይዘጋል። ከምሳ በኋላ ወደ ሚስ ኔልዳ የሚሄድ ምንም ነገር የለም።"

"ሰባት መውጫ ነበረው" አሉ።

"አምስቱን ዘግተዋል።"

ባትሪውን ከበረዶው ወደ ታሸጉት ቀዳዳዎች አዞሩ።

"እንግዲያው ያሞቅኳት እኔ ነኝ።"

አይደለም ለማለት አፌን ከፈትኩ። ግን ሰውዬው ልጅ አይደሉም።

"ለደግ ብለው ነው" አልኩ። "ግን አዎ።"

ፕላስተሩን ራሳቸው ላጡት፣ አንድ በአንድ፣ አንዱንም ሳይቀዱ። ቀዝቃዛውን አጥፍተን ነፋሱን ብቻ ለቀን በረዶውን አቀለጥነው፤ ሁለት ባልዲ ውሃ ወረደ። በኤሲው ሆድ ውስጥ፣ አየር በሚገባበትና በሚወጣበት መካከል፣ ቅዝቃዜ የሚሰርቅ ክፍተት አገኘሁና ከእሳቸው ጥቅል በተረፈው ፕላስተር ደፈንኩት። ብርድ ልብሱን አወረድን። መካከለኛው ደረጃ ላይ ወደ ላይ የሚነፍስ ትንሽ ቬንትሌተር አስቀመጥኩ።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሼ ለካሁ። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ አልደከመም። ሳሎኑ ሰባ አምስት፣ መኝታ ክፍሉ ሰማንያ። የቤቱ ፊት፣ መኝታ ክፍሉ ያለበት፣ ወደ ምዕራብ ነው፤ ከሰዓት ፀሐዩን ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው። መስኮቱን በብርማ ሰሌዳ ሸፈንኩት። ከግማሽ ሰዓት በኋላም ሰማንያ ነበር።

"ከቀዳዳዎቹ ሁለቱን ብቻ ልዝጋ?" አሉኝ ሚስተር ዶይል። "ትንንሾቹን ሁለቱን።"

"በረዶው ይመለሳል።"

ከቬንትሌተሩ በታች፣ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ሚስ ኔልዳ ከላይ ተጣሩ።

"ዶይል፣ ታች ስንት ነው?"

ወደ እኔ ተመለከቱ። ከዚያ ወደ ቴርሞሜትሩ።

"ሰባ አምስት" አሉ።

"እኔ ሰማንያ ላይ ነኝ። ከሁለታችን ሞኙ ማን ነው?"

"ታች አልጋ የለም።"

"ጠረጴዛውን ንቀለው። ጠባብ አልጋ ይገባል።"

"ሳሎን የተኛ ሰው አይነሳም ያልሽው አንቺ ነሽ" አሉ ሚስተር ዶይል። "እናትሽን ከሳሎን ለቀብር ያወጣናት ዕለት። እኔን እዚያ እንዳታስተኛኝ ብለሽ አስምለሽኛል።"

"ብያለሁ" አሉ ሚስ ኔልዳ። "መሐላው የኔ ነው፣ ፈታሁልህ። ና አውርደኝ።"

ላግዝዎ ብል ሚስተር ዶይል እጄን ገፉት። ሚስታቸውን አቅፈው ጎናቸውን ወደ ግድግዳው ሰጥተው ወረዱ፤ አንድ ደረጃ፣ ረፍት፣ አንድ ደረጃ። መጨረሻው ላይ በትከሻቸው ግድግዳውን ተደገፉ። እዚያው ቆሙ።

"ምን ትገተራለህ?" አሉ ሚስ ኔልዳ የባላቸውን አንገት እንዳቀፉ። "ሰርግ አይደለም።"

ወንበሩ ላይ ሲያስቀምጧቸው ለሁላችንም አንድ ነገር ገባን። እኚህ ሰው ሁለተኛ ተሸክመዋቸው ወደ ላይ አይወጡም።

ከወለሉ ጋር የታሰረውን ጠረጴዛ ነቅለን ከካምፑ ጎረቤት የተዋስነውን የአንድ ሰው አልጋ ዘረጋን። የሁለቱ አልጋ በዚያ ደረጃ አይወርድም። በዚያ ምሽት ሚስተር ዶይል የሚዘረጋውን ወንበራቸውን ከአልጋው ጠርዝ ጋር አገናኙት።

አርብ አራሴሊ መጣችና እንደለመደችው በቀጥታ ደረጃውን ወጣች። ቴርሞሜትሯን ከላይ ሆና ስታነብ ሰማናት።

"ሰማንያ፣ ሚስተር ዶይል።"

"እሷ እዚያ አይደለችም።"

ወርዳ ጠባቡን አልጋ አየች፤ ወንበሩንም አየች። ቴርሞሜትሩን ትራሱ አጠገብ አስቀምጣ አሥር ደቂቃ ጠበቀች። ሚስተር ዶይል የሚያዩት ቴርሞሜትሩን ሳይሆን የነርሷን እስክሪብቶ ነበር።

"ሰባ ስድስት" አለችና ጻፈች። "ማታ ማን ይጠብቃታል?"

"እኔ። ከዚህ ወንበር አልነሣም።"

"እስከ መስከረም በየሳምንቱ እመጣለሁ። ያኔ ደግሞ እናያለን።" ስትወጣ የሚስ ኔልዳን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ነካ አድርጋ አለፈች።

እኔም ዕቃዬን ልሰበስብ ወደ ላይ ወጣሁ። ትልቁ አልጋ አንሶላው ተወጥሮ ተነጥፏል፤ ትራስ አልነበረበትም። ስወርድ ሚስተር ዶይል በሩ አጠገብ ቆመው በመዶሻ ጀርባ የሸሚዞቹን ምስማሮች ይነቅሉ ነበር። ሦስተኛውን ነቅለው እጃቸውን ወደ አራተኛው ሲዘረጉ፣ ሚስ ኔልዳ ከአልጋቸው ሆነው ያዩዋቸው ነበር።

"እሱን ተወው" አሉ። "አንድ ሸሚዝ ያስፈልግሃል።"