«ጓንግ ሞላ» መጨረሻው ላይ ለምን ከፍ ይላል?

በሩን እንደከፈትሁ ሴትዮዋ መጀመሪያ ያሉኝ «የሞትሁት መቼ ነው?» ነው።

እዚሁ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቤት ከሚባለው ሰፈር እኔ እስካለሁበት እስከ ሮቫ ዛይን ሰፈር በአውቶቡስ መጥተዋል። በእጃቸው የእኔን ጽሑፍ ይዘዋል። ማትናሱ፣ የሰፈሩ የባህል ማዕከል፣ ለድሮ ዘፈኖች ምሽት ለሚያድለው ወረቀት የጻፍሁት ነው፤ ረቂቁ አዳራሹ በር ላይ ተለጥፎ ሳለ ገንጥለው አምጥተውታል። «ጓንግ ሞላ መጀመሪያ የተቀዳው ሱዳን፣ ኡም ራኩባ መጠለያ ነው። ዘፋኟ ወለተኪሮስ የምትባል ክርስቲያን ስትሆን እዚያው ሞታለች» ይላል።

«ወለተኪሮስ እኔ ነኝ» አሉ። «ስሜ ስሜነሽ ነው። ሱዳን እያለን ቤተ እስራኤል መሆናችን እንዳይታወቅ ሁላችንም ስም ቀይረን ነበር። አርባ ዓመት ዝም አልሁ። ሞተች ሲባል ግን አልችልም። ለምሽቱ የልጅ ልጆቼ ሁሉ ይመጣሉ። ነገ ሳይታተም ስሜን አስገባ።»

ተናደድሁ። ይህን ዘፈን ሳጠና ሃያ ዓመት ለፍቻለሁ። አሽዶድ ውስጥ «ያ ዘፈን የእኔ ነው» የሚል አይጠፋም፤ ከሮቫ አሌፍ ብቻ አራት ሰው መጥቶብኛል። የወለተኪሮስን መሞት ያየ ሰው እንደሌለ ግን እውነት ነው። ፈልጌ ስላጣኋት እኔው ገድያታለሁ።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝ፤ በምን ልመንዎት?»

«ጠይቀኛ! የተማርህ አይደለህ?»

ጥያቄስ ነበረኝ። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ድምፁ ቀስ በቀስ እየፈጠነ ወደ ላይ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ ስቱዲዮ ገብተው የዘፈኑት ሁሉ፣ ጉሮሯቸው እስኪላጥ፣ ያንኑ ይከተላሉ። እኔ የጓንግን ወንዝ ሙላት ማሳየቷ ነው ብዬ ጽፌአለሁ። ጊድዖን የሚባል የድምፅ ባለሙያ «የቴፑ ችግር ነው» ቢል፣ በሦስት ገጽ ደንቆሮ አድርጌዋለሁ።

«መጨረሻው ላይ ለምን ከፍ አደረጉት?»

«ምኑን?»

ካሴቱን አሰማኋቸው። አዳመጡና ሳቁ።

«ይኸማ ወፍ ነው! ዘፋኞቹ ራዲዮ ላይ እንዲህ ሲጮኹ የየራሳቸው ዐመል ይመስለኝ ነበር። እኔ ከጀመርሁበት አልወጣሁም። ድንጋዩ ደክሞ ነው።»

«የምን ድንጋይ?»

«የባትሪ ድንጋይ ነዋ! ወንድሜ ታከለ ፀሐይ ላይ አሙቆ፣ በጥርሱ ነክሶ ነው ያስገባው። አዲስ ከየት ይመጣል?»

ባትሪው ሲደክም ቴፑ እየተንቀረፈፈ ይቀዳል። እየተንቀረፈፈ የተቀዳው በደህና ቴፕ ሲሰማ ደግሞ ይፈጥናል፣ ይቀጥናል። ጊድዖን ልክ ነበር። ይህን ስጽፍ እጄን ያመኛል።

ያን ጊዜ ግን ቁጣዬ ጠፍቶ ማወቅ ብቻ አማረኝ። ኮምፒውተሬን ከፍቼ የመጨረሻውን ስንኝ ጥቂት በጥቂት አዘገየሁት። ድምፁ ወረደ፣ ወፈረ፣ ከመጀመሪያው ስንኝ ጋር እኩል ሆነ። ፊቴ የተቀመጡት ሴት የዛሬ አርባ ዓመት ድምፅ ይመስላል።

«ይመስላል» አልሁ። «መምሰል ግን ማስረጃ አይሆንም።»

«አቤት! አንተን ያገባች ምን በደለች?»

ዘፈኑ እንዳለቀ የሕፃን ጫጫታ የመሰለ ነገር አለ። ሁልጊዜ አልፈው ነበር። እሱንም አዘገየሁት። የጎልማሳ ድምፅ ወጣ፦ «በቃሽ ስሜነሽ፣ አለቀ!»

እትዬ ስሜነሽ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ስሜን ጠራው» አሉ። «በስማችን ላንጠራራ ተማምለን! እንኳን ሌላ ሰው አልሰማው።» ቀጥለውም «መልሰህ አሰማኝ» አሉኝ።

ታከለ ኡም ራኩባ ሞቶ ቀርቷል። ስድስት ጊዜ አሰማኋቸው።

ከዚያ ማትናስ ደውዬ ረቂቁን ጣሉት አልኋቸው። ቢያንገራግሩ ጮኽሁባቸው፣ ስሕተቱ የእኔ ሆኖ ሳለ። ወረቀትና እስክርቢቶ ይዤ ተቀመጥሁ።

«ዘፋኝ፦ ስሜነሽ። ሌላስ?»

«ታከለንም ጻፈው፤ ድምፁ አለበት።»

«ምን ብዬ?»

«‹ድንጋይ የነከሰ› በለዋ።»

እንዳሉት ጻፍሁ። ከዚያ የጊድዖንን ስልክ መፈለግ ጀመርሁ።