የመጨረሻዋ ጅግራ

ልብስ ሰፊዋ የፍሪዘሩን በር ስትከፍት ውሃው እግሯ ላይ ተንዠቀዠቀ። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ዓሳው፣ አተሩ፣ ቅቤው ሁሉ ለስልሷል። ከሥር አንድ የላስቲክ ከረጢት ወጣ። ላዩ ላይ በባሏ የተንጋደደ እጅ ጽሑፍ "ጅግራ፣ ሴት፣ ከወንዙ ማዶ፣ ንጋት ላይ" ይላል። ሰውየው ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ካደናቸው ሁሉ የቀረችው ይህቺው ብቻ ናት።

ለልጇ ደወለች።

"እማዬ፣ በናትሽ ጣይው! ሆድሽን ቢያምሽ ማን ያስታምምሻል?"

"ውስጡ እኮ ገና በረዶ ነው።"

"ደግሞስ አንቺ የአደን ሥጋ ከመቼ ወዲህ ነው የወደድሽው? ሽታው ያስጠላኛል እያልሽ አባዬን በረንዳ ላይ አልነበር እንዴ የምታስበይው? በይ፣ ስብሰባ ልገባ ነው፣ በኋላ እደውላለሁ።"

እውነቷን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውየው ያደነውን ራሱ ይነጫል፣ ራሱ ይቀቅላል፣ ብቻውን ይበላል። አመለኛ ነበር፤ እንስሳው የት እንደወደቀ፣ ምን ያህል እንደጠበቀው አንድ በአንድ ሳይናገር እጁን ወደ ሳህኑ አይሰድም። "ከየት እንደመጣ ረስቼ አልበላም፤ ነፍስ እኮ ነው" ይላል። እሷም ከመስኮቱ ወዲህ የስፌት መኪናዋን እያንቀጫቀጨች "ይኸው ደግሞ ለግድግዳው ማውራት ጀመረ" ብላ ትስቅበት ነበር። አሁን ያ ሳቅ ያንገበግባታል።

ከረጢቱን ይዛ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ቆመች። ብትጥላት ነፍስ በከንቱ ጠፋ ማለት ነው፤ እሱ በሕይወቱ አንዲት ክንፍ ጥሎ አያውቅም። ብትበላት ደግሞ የእሱ እጅ ያመጣው ነገር ከቤቱ ያልቃል።

"አንተ ሰውዬ፣ ምን ዓይነት ጣጣ ውስጥ ከተትከኝ!" አለች ጮክ ብላ።

በመጨረሻ ጋዙን ለኮሰች። አሠራሩን ጠይቃው ስለማታውቅ በሽንኩርትና በጨው ብቻ ቀቀለቻት። ሥጋው እልኸኛ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ገና አንዴ እንደጎረሰች ጥርሷ ሥር አንድ ጠጣር ነገር ቀጭ አለ። የምስር ፍሬ የምታክል የእርሳስ ጥይት ነበረች። ሳህኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻትና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ስልኩ ጠራ።

"ጣልሽው?"

"እየበላሁት ነው።"

"እማዬ! ብቻሽን?"

"አባትሽስ ሠላሳ ዓመት ከማን ጋር በላ?"

"በቃ፣ እሑድ እመጣለሁ" አለች ልጅቷ።

"እሑድማ ምን ይተርፋል? ይልቅ ሥራ ካልያዘሽ፣ በልቼ እስክጨርስ ስልኩን አትዝጊው።"

"ምን ላውራሽ?"

"ምንም። እዚያው ሁኚልኝ ብቻ።"

ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችና ሌላ ቁራጭ አነሳች።