አጉራሹን የሚያውቀው ኮምፒውተር

አየለ በዕድሜው ከዋሸው ሁሉ የታመነለት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሰው ሊገድል ደረሰ።

የዘመናት ጓደኛው ይገዙ፣ በስደት በሚኖሩበት ከተማ ኪሊማኒ ሰፈር ያለው የአበሻ ምግብ ቤት ባለቤት፣ በስተርጅና ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ ዝሎ ሆስፒታል ተኛ። ነርሷ ኢክላስ የሞያሌ ልጅ ናትና ነገሩን በአማርኛ አስረዳችው። ኮምፒውተሩ የታማሚውን ዕድሜ፣ የመዋጥ አቅሙን፣ የተሰካለትን ቱቦ ሁሉ አይቶ፣ እዚሁ ሆስፒታል ውስጥ ኢንፌክሽን ይይዘው እንደሆነ ይተነብያል። ለይገዙ ቀይ አብርቷል።

«ጋሽ አየለ፣ የአባባ ይገዙ ጉሮሮ ዘብ የለውም። የጎረሱት ወደ ሆድ መሄዱን ትቶ ሳንባ ይገባል። ከዚያ የሳንባ ምች ነው። በአፋቸው ምንም እንዳይገባ!»

ይህን ለአበሻ ጠያቂ ማስረዳት ጎርፍን በመጥረጊያ መመለስ ነው። እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ የይገዙ የጽዋ ማኅበር በሁለት ማታቱ ሚኒባስ ተጭኖ መጣ። በር ላይ ያለው ዘበኛ «ሁለት ሁለት ሰው» ቢል፣ አቅፈው ሳሙትና አለፉ። የማኅበሩ እናት እትዬ ታየች ከነጠላቸው ሥር ሰሃን አወጡ።

«ታማሚ በባዶ ሆዱ ይድናል እንዴ? በሞቴ!»

በሞቴ የተባለ ሰው አፉን አይዘጋም። ይገዙ ዶሮ ወጡን ጎረሰ፤ ትን አለው፤ ፊቱ ጠቆረ። ኢክላስ ሮጣ መጥታ በማሽን ስባ አወጣችለት።

«እንዲህ ያለ ነገር ከተደገመ አናተርፋቸውም» አለች።

አየለ በሩ ላይ ቆመ። ይህ ሰው ጉማሬ ከናይቫሻ ሐይቅ ማታቱ ተሳፍራ መሃል ከተማ ስትወርድ አይቻለሁ፣ ሒሳቧንም በስልኳ ከፍላለች የሚል ሰው ነው።

«እትዬ ታየች፣ ኮምፒውተሩ የሚተነብየው የታማሚውን ብቻ መሰለዎት? ያጎረሰውንም ይይዛል። ከይገዙ ቀጥሎ አልጋው የማን እንደሆነ ያውቃል።»

«የእኔን ስም ይዟል?»

«ከነክርስትና ስምዎ።»

እትዬ ታየች ሰሃናቸውን ከደኑ። ከዚያ ወዲያ ከማኅበሩ አንድ ሰው ዝር አላለም።

የይገዙ ሳንባ ጠራ፤ እሱን ግን ሆድ ባሰው። ኢክላስ መዋጥ እንዲለማመድ ብላ አጥሚት የመሰለ ወፈር ያለ ፈሳሽ በማንኪያ ብታቀርብለት አፉን ገጠመ። «ረ...ሱኝ» ይላል በተሳሰረ አንደበት። ካልተለማመደ የሚመገብበት ቱቦ አይነሳም፤ ቱቦው ካልተነሳ ቀዩ አይጠፋም።

«አልረሱህም፤ እኔ ነኝ የከለከልኳቸው» አለው አየለ።

«ጉ...ማሬ» አለ ይገዙና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አየለ ኪሌሌሽዋ ሰፈር፣ እትዬ ታየች ቤት ሄደ። «ያልኩዎት ውሸት ነው። ኮምፒውተሩ የጠያቂ ስም አይዝም።»

«አሁን ነው የዋሸኸው! ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ እጄ ይደነዝዘኛል።»

በማርያም ማለ፤ በልጆቹ ማለ። ባሰባቸው እንጂ አላመኑትም። እውነት ከአፉ ሲወጣ እሱን ራሱን አላምር አለው። ቢጨንቀው ወደ ሙያው ተመለሰ።

«እሺ፣ ደብቄዎት ነው። ስም የሚፋቅበት መንገድ አለ። ነርሷ ቆማ እያየች፣ በነርሷ ማንኪያ፣ እሷ የሰጠችውን ብቻ ያጎረሰ ሰው ይፋቅለታል።»

«ታዲያ ይህን አትናገርም ነበር? አንተ ሰይጣን!» ነጠላቸውን አነሡ።

ኢክላስ ይገዙን ቀና አድርጋ አስቀመጠችው፤ አገጩንም ወደ ደረቱ ዝቅ አስደረገችው። እትዬ ታየች እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ማንኪያውን ያዙ። ይገዙ አያቸው። የእሳቸውን እጅ መመለስ ነውር ነው። አፉን ከፈተ፤ ቀስ ብሎ ዋጠ፤ አላሳለውም።

«አንድ... ያጣላል» አለና እንደገና አፉን ከፈተ።

እትዬ ታየች ወደ አየለ ዞሩ። «ስሜ ተፋቀ?»

አየለ ኮምፒውተሩን ትኩር ብሎ አየ። ቀይ ነው።

«ግማሹ» አለ። «ነገም ይምጡ።»

በማግስቱ እትዬ ታየች ብቻቸውን አልመጡም። ማኅበሩ በሙሉ፣ በዕድሜው ማንንም አጉርሶ የማያውቀው እንኳ ሳይቀር፣ እጁን ታጥቦ ሁለት ሁለት እየሆነ ተሰለፈ።