በግራ የተዞረ ጠበል

ለክረምቷ አሮጊት ፊቱን የሚያውስ ሰው ጠፋ። ለብሪዴማ ሞልቷል፤ የደሴቱ ቆንጆ ሁሉ፣ ቆንጆ ያልሆነውም ጭምር፣ ፀጉሩን አበጥሮ ኤፊ ደጃፍ ላይ ተሰልፎ ነበር።

ኤፊ የመምህሩ ልጅ ናት፤ ሥዕል ልትማር ዋናው ምድር ሄዳ የተመለሰች። በቅድስት ብሪዴ ጠበል ላይ የተሠራችውን ክብ የድንጋይ ቤት ከውጭ ዙሪያዋን ዓመቱን በሚያዞሩ፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ በተሳሉ አራት ሴቶች ልታስጌጥ ተነሳች። ጸደይን የምታመጣው ብሪዴ፣ የበጋዋ ሙሽራ፣ የመከሯ እናት፣ በመጨረሻም ካልያክ፣ ምድሩን በበትሯ እየመታች የምታደነድነው የክረምት አሮጊት። ፊታቸው ደግሞ ከእኛ ከጎረቤቶቿ ፊት እንዲሆን ፈለገች።

"ካልያክን ማን ይሁንልኝ?" እያለች ስትጨነቅ አይቼ፣ "የኔን ፊት ውሰጂ" አልኳት። "ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው፤ ቀለምም አታባክኚም።"

"እማማ ቤሃግ፣ አይፈሩም?"

"ምኑን እፈራለሁ? በየማለዳው መስታወት ውስጥ አገኛት የለ!"

ፎከርኩ እንጂ ፈርቻለሁ። ፊቱን ለካልያክ ያዋሰ ሰው ክረምቱን ሙሉ እሷን ይመግባታል ይላሉ የእኛ ሽማግሌዎች፤ በምን እንደሚመግባት ግን አይናገሩም። ቢሆንም ለብሪዴ የተመረጠችው ልጄ ማርሳሊ ነበረች። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ሳይቆዩ ወርደውባታል። ይሄኛው ስምንተኛ ወሩን ይዟል፤ ኤፊም የመረጠቻት ለሆዷ ብላ ነው። ልጄ ብሪዴ ከሆነች ከአጠገቧ የምትቆመው አሮጊት ባዕድ እንዳትሆን ፈለግሁ። ምክንያቴ ይኸው ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም።

ሰሌዳዎቹ የተሰቀሉት የጸደይ መግቢያ የሆነው የብሪዴ ቀን ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ማርሳሊ እንደ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር ጠበሉን በባዶ እግሯ ሦስት ጊዜ ልትዞር መጣች። እኔ ጫማዋን ታቅፌ የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀምጬ ኤፊን እነዘንዛታለሁ።

"ይሄን አፍንጫ ከየት አመጣሽው? ጀልባ ይታሰርበታል እኮ!"

"ቀንሼልዎት ነው እማማ።"

ማርሳሊ ሰምታ በሳቅ ፈረሰች። ከራሷ ፊት ከብሪዴ ተነስታ ወደ በጋዋ ሙሽራ፣ ከዚያ ወደ መከሯ እናት፣ ከዚያ ወደ እኔው ሥዕል፣ ተራውን እየተከተለች ዞረች። ሁለተኛውን ዞረች። ሦስተኛውን ጨርሳ ውሃውን ልትጠጣ ስታጎነብስ ጎረቤቴ ሩዋሪ በጎቹን እየነዳ ከጉብታው በላይ ብቅ አለ። ቆመና ቆቡን አወለቀ፤ ሬሳ ሲያልፍ እንደሚያወልቀው።

"ቤሃግ" አለኝ፣ "ልጅሽ ማንን ነው የምትረግመው?"

"አፍህን ሰብስብ! ምን ማለትህ ነው?"

"ስትዞር አየኋት እኮ። ግራ እጇ ነበር ወደ ጠበሉ።"

እኛ ዘንድ ሁሉም ነገር የሚዞረው በፀሐይ መንገድ ነው፤ ቀኝ እጅ ወደ ውስጥ። ጀልባ ከወደብ ስትወጣ እንዲያ ትዞራለች፤ ሬሳም ወደ መቃብር ሲሄድ፤ ወጥ እንኳ ስናማስል። ጠበልን በግራ የሚዞር ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠላቱን ማጥፋት። የጠላት ስም ካልተጠራ ደግሞ ርግማኑ በዞረው ሰው ላይ ይቀራል። ኤፊ አራቱን ሴቶች ጠረጴዛዋ ላይ እንደ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ ደርድራ ስላ፣ በዚያው ተራ ግድግዳው ላይ ቸንክራቸዋለች። ጸደይን ተከትሎ ወደ በጋ የሚሄድ ሰው ሁሉ ፀሐይን ተቃውሞ እንዲሄድ ሆኗል። እኔም እዚያው ተቀምጬ ስለ አፍንጫ አወራለሁ።

ኤፊ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ወየው... ጠረጴዛ ላይ ልክ ነበር እኮ..."

"ያንን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ቀኝሽን ከግራሽ ሳትለዪ መጣሽ!" ብዬ ጮህኩባት።

"ተይ እሷን" አለ ሩዋሪ። "ማርሳሊ፣ ልጄ፣ አትጠጪ። ራስሽ የቋጠርሽውን ራስሽ ፍቺው። በቀኝ ሦስት ጊዜ፣ ቶሎ በይ።"

ማርሳሊ ልትስቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ እሺ አላላትም። ቀኝ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ወዲያው ሆዷን ያዘች። "እማ" አለች በቀስታ። ተረከዟ ላይ ደም አየሁ።

ሄሊኮፕተሩ ከሜዳው አንስቶ ወደ ዋናው ምድር ሆስፒታል ወሰዳት። ለእኔ ቦታ አልነበረም። ባሏ ሎክላን ከዓሣ ጀልባው ወርዶ እዚያ አገኛት። በማግሥቱ ነፋሱ ተነሳና መርከቡ ቀረ፤ በሚቀጥለውም ቀን ቀረ። እኔ እዚህ፣ ልጄ እዚያ፣ መካከላችን ያበደ ባሕር። ሎክላን እየደወለ "ደሙ ቀንሷል፣ ሳትንቀሳቀስ ተኝታለች" ይለኛል። ነፋሱ በጭስ መውጫው በገባ ቁጥር ሰው የሚጠራኝ እየመሰለኝ እባንናለሁ።

የብሪዴ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሎክላን ደወለ። ድምፁ የሱ አይመስልም። "ደሙ ብሶባታል። ሐኪሞቹ አይጠበቅም ብለዋል፤ ዛሬ ማታ ቀዶ ጥገና ይገባሉ" አለኝ።

ሩዋሪ ዘንድ ሮጥኩ። ሰሌዳዎቹን እንዳታነሳ ኤፊን የከለከላት እሱ ነው፤ ሳይፈታ አይነሳም ብሎ።

"በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ሊፈታው ይችላል?"

"የሥጋ ዘመዷ ይችላል" አለ። "ግን ቤሃግ፣ የሚፈታ ሰው ወደ ኋላው አያይም። ምንም ቢሰማሽ አትዙሪ።"

ምነው ባልነገረኝ! ጠበሉ ዘንድ ደርሼ ጫማዬን አውልቄ ቀኝ እጄን እርጥቡ ግድግዳ ላይ ጫንኩ። ዝናቡ በጎን ይመታኛል፤ እግሬ ደንዝዟል። ከብሪዴ ጀመርኩ፤ ከልጄ ፊት። በትክክለኛው መንገድ ስሄድ ከእሷ ቀጥሎ የማገኘው የራሴን ፊት ነበር። ዝናቡ እንጨቱን አርሶ አጥቁሮት ዓይኖቹ ብቻ ነጥተው ቀርተዋል፤ ወዴት እንደሚያዩ አልወደድኩትም። አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ።

በሁለተኛው ዙር ከኋላዬ የባዶ እግር ኮቴ የሰማሁ መሰለኝ። ቆምኩ። ቆመ። መራመድ ስጀምር ተራመደ። ውሃ ነው አልኩ፣ በግ ነው አልኩ። መዞር አማረኝ፤ ማየት ከመስማት ይሻል ነበር። ልጄን እያሰብኩ ጥርሴን ነክሼ ሄድኩ።

በሦስተኛው ዙር እዚያ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስደርስ እግሬ አልነሳ አለኝ። ያኔ አወራኋት።

"ፊቴን ወስደሻል" አልኳት። "የቀረውንም ውሰጂው፤ ስስት የለብኝም። የእሷን ተይልኝ። አንቺም ድሮ እናት ነበርሽ ይላሉ።"

ከኋላዬ ኮቴው ጠፍቷል። ይህ ደግሞ ከኮቴው ይበልጥ አስፈራኝ፤ የተከተለኝ ነገር ቀድሞኝ ወደ ቤቴ የሄደ መሰለኝ።

ቤት ገብቼ የዋዜማውን ሥርዓት አደረስኩ። ለብሪዴ በቅርጫት አልጋ አነጠፍኩ፤ የገለባ አሻንጉሊቷን አስተኛሁ፤ ነጭ በትሯን ከጎኗ አኖርኩ። እሳቱን ዳፍኜ አመዱን ከምድጃው ፊት ወለሉ ላይ ዘረጋሁት፤ እንደ ዱቄት አለሰለስኩት። ብሪዴ ሌሊቱን ከገባች ጠዋት እግሯ ወይም በትሯ አመዱ ላይ ይታያል። ከዚያ በሩን ከፍቼ እንደ ልማዳችን "ብሪዴ፣ ግቢ፤ አልጋሽ ተነጥፏል" አልኩ። ነፋሱ ገባ። ማን አብሮት እንደገባ ግን አላወቅሁም፤ በሩን ዘግቼ በጨርቅ ተጠቅልዬ ተኛሁ። ስልኩ አልጮኸም።

ሲነጋ ተነሳሁ። አመዱ እንደዘረጋሁት ነው። አንድ ጭረት እንኳ የለበትም።

እናቴ እንዲህ ያለ አመድ ያየች ዓመት አባቴ ከባሕር አልተመለሰም። ምድጃው ፊት ቆሜ አለቀስኩ፤ እንደ ሕፃን፣ አፌን ከፍቼ። ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው። እጄን ዘርግቼ መለስኩት፣ ዘርግቼ መለስኩት። መጨረሻ ላይ አነሳሁት።

"እማ?"

ማርሳሊ ናት። የገዛ ልጄ፣ የገዛ ድምጿ! ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

"አለሁ እማ። ሴት ልጅ ናት። በጣም ትንሽ ናት፣ እማ፣ የመስታወት ሳጥን ውስጥ አስገብተዋታል። ዛሬን ከዋለች ትኖራለች ነው የሚሉት።" ትንፋሿ ተቆራረጠ። "ንገሪኝ። አመዱን አየሽው? ምልክት አለ?"

አመዱን አየሁት። ባዶነቱ መልሶ አየኝ። ብናገር ምን ትሆን ነበር? ያቺ ልጅ በግራ የዞረ እግሯን እያሰበች ነው የምትጠይቀኝ።

የሱፍ ካልሲዬን በሌላኛው እግሬ ረግጬ አወለቅሁ። ቀኝ እግሬን አነሳሁና አመዱ ላይ አሳረፍኩት። ሞቅ ይላል ገና።

"አለ" አልኩ።

"እውነትሽን ነው? በትሯ ነው ወይስ እግሯ?"

"እግሯ ነው።"

"ምን ይመስላል?"

"ሰፊ ነው። አውራ ጣቱ ጠመም ያለ።"

ከሕፃንነቷ ጀምሮ በዚያ አውራ ጣቴ ስታሾፍብኝ ነው ያደገችው። ከዚያ የምትስቅም የምታለቅስም የሚመስል ድምፅ ሰማሁ።

"ብሪዴ አርጅታለቻ፣ እማ" አለችኝ።

"አርጅታለች ልጄ። ብዙ ቤት ነው የምትዞረው።"

"እግሩ ወደ በሩ ነው ወይስ ወደ ውስጥ?"

በእኛ ዘንድ ወደ በሩ የሚያይ እግር ሰው ይዞ ይወጣል፤ ወደ ምድጃው የሚያይ ለመኖር የመጣ ነው።

"ወደ ውስጥ" አልኳት። "ወደ እሳቱ ነው የሚያየው።"

"ስለዚህ ገብታለች።"

"ገብታለች። በይ አሁን ሄደሽ ለልጅሽ ንገሪያት።"

ስልኩን ዘጋሁት። መርከቡ ከሰዓት በኋላ ሳይነሳ አይቀርም፤ መልበስ ነበረብኝ፣ ጓዜን መጠቅለል ነበረብኝ። እግሬን ግን ከአመዱ ላይ ማንሳት ፈራሁ።