ቆመው የተመለሱ ሽማግሌዎች

1

በሩን ስከፍተው ሁለቱም ዝም ብለው ተቀምጠዋል።

ነጠላዬን ረስቼ ነው የተመለስኩት፤ ገና ከደጃቸው ፈቀቅ ሳልል ነበር ትዝ ያለኝ። ስወጣ ቤቱ በሳቅ ይናጥ ነበር። እሱ «እመቤቴ» እያለ ሻይ ይቀዳላታል፣ እሷ ስኳር አበዛህ ብላ እጁን መታ ታደርገዋለች። አሁን እሱ ጫማውን ያያል፣ እሷ መስኮቱን። መብራት የጠፋበት ቤት ይመስላል፣ አምፖሉ ግን በርቷል።

ነጠላዬን አነሳሁና «ደህና አምሹ» አልኩ።

ሁለቱም እኩል ፈገግ አሉ።


2

ከመሃል ጀመርኩ፤ ይቅር በሉኝ። ከደጅ ብጀምር እናንተም እንደ ሌላው ሰው «እንዴት የሚዋደዱ ባልና ሚስት ናቸው» ብላችሁ ታልፏቸዋላችሁ ብዬ ነው።

ቦታው ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ነው። አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ዱሮ ጥሏቸው የሄደ ካራቫኖች አሉ፤ ጎማቸው ተንፍሶ አሸዋ ውስጥ ሰምጧል። የቦታው ባለቤት አረንጓዴ ቀለም ቀባቸውና ለጡረተኛ ያከራያል። ሐምሌ ሲገባ የአዲስ አበባ ብርድ ጉልበታችን ላይ ይወጣል፣ እኛም ወደዚህ እንወርዳለን። ነሐሴ ሲያልቅ እንመለሳለን። እዚህም ይዘንባል፤ ግን ዘንቦ ይሄዳል፣ ቁጭ ብሎ አይውልም።

ባል አቶ ደምረው፣ የመንገድ ቀያሽ የነበረ። ሚስት ወይዘሮ ፋናዬ፣ ነርስ የነበረች። መምህር ጥላዬ፣ ጂኦግራፊ ያስተምር የነበረ፣ ጆሮው የከዳው፣ ቮልስዋገኑ ግን ያልከዳችው። እኔ አስካለች፣ ስልክ በእጅ በሚዞርበት ዘመን ማዞሪያ ላይ ተቀምጬ ከተማን ከከተማ ሳገናኝ የነበርኩ። ሁላችንም የነበርን ነን። «አቶ» እና «ወይዘሮ» የሚለውን ከዚህ ወዲያ እተወዋለሁ፤ ደክሞኛል።


3

እንግዳ ባለበት

(የፍልሰታ ጾም ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየክረምቱ ይነሳል፣ በየክረምቱም ሳያልቅ ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ደምረው ይበላል፣ ፋናዬ አትበላም። አራታችንም ካርታ ይዘናል።)

ፋናዬ፦ በፍልሰታ ዓሣ እያላመጥክ ገነት ልትገባ ነው ደምረው?

ደምረው፦ አንቺ በሩ ላይ ሆነሽ ታስገቢኛለሽ እንጂ።

ፋናዬ፦ እኔማ አስቆምሃለሁ።

መምህር ጥላዬ፦ ምን አለች?

እኔ፦ ታስቆመዋለች።

(ሳቅ። ደምረውም ሳቀ፤ ግን ተራው ሲደርስ የሚጥለው ካርታ ጠፋበት። ያኔ ልብ አላልኩትም።)


4

እንግዳ በሌለበት








5

ከላይ ያለውን ቦታ ባዶ የተውኩት ሰንፌ አይደለም። የሰማሁትን ነው የጻፍኩት።

የእኔ ካራቫን ከእነሱ ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው፤ ግድግዳው ቆርቆሮ ነው። ማንኪያ ሲቀመጥ እሰማለሁ። ራዲዮ እሰማለሁ። ፋናዬ ስታስነጥስ እሰማለሁ፤ «ይማርሽ» የሚል ግን አልሰማም። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ወሬ በጆሮዬ ሲያልፍ ስለኖረ መስመር ሲቆረጥ የሚመጣውን ዝምታ ከሌላው ዝምታ እለየዋለሁ። ይህ ያ ነው።

ከነጠላው ቀን ወዲህ ቀስ እያለ ገባኝ። ሰው ሲኖር ገበናቸውን ይሸፍናሉ፣ ሲሸፍኑም ያምርባቸዋል፤ ይቀላለዳሉ፣ ይጎራረሳሉ። ሰው ሲወጣ ያበቃል። ወደዚህ የሚወርዱት ለጉልበታቸው አይደለም። የሚነጋገሩት እኛ ስንኖር ብቻ ስለሆነ ነው።

ጎረቤት የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ለካ ማዞሪያ ነኝ።


6

ወደ ደምረውና ፋናዬ ካራቫን ለሚሄድ እንግዳ

ቶሎ አትነሡ፣ ቢደክማችሁም። ሻይ ሲጨመር እምቢ አትበሉ። ወደ ውጭ መውጣት ካማራችሁ አንድ ሰው እዚያው ትታችሁ ውጡ። ወሬ ሲያልቅባችሁ ዓሣውን አንሱ፣ ዓሣው ሁልጊዜ ይሠራል። ስለ ልጃቸው አትጠይቁ። ስለ ሠርግ ጭራሽ። ስትሄዱ በሩን ራሳችሁ ዝጉት፤ እነሱ ሲዘጉት ፊታቸውን እንዳታዩ ነው። ከዚያ ቤታችሁ ገብታችሁ ጫማችሁን ስታወልቁ «ነገስ ማን ይሄድላቸዋል?» ብላችሁ እንዳታስቡ።

እኔ አስባለሁ። ለዚህ ነው የታከተኝ።


7

ዱሮ ካራቫኖቹ በሙሉ ሰው ነበራቸው። የምሳ ተራ ነበረን፤ ተራ ሳይደርሰን ክረምቱ የሚያልቅበት ዓመት ነበር። ሻምበሉ አረፉ። የባንክ ቤቱን ሰውዬና ሚስቱን ልጆቻቸው ካናዳ ወሰዷቸው። ልብስ ሰፊዋ ወገቧ መንገዱን አልችል አለ። ዘንድሮ አራታችን ቀረን፤ ጫወታው አራት ሰው ይፈልጋልና አንዳችን ጉንፋን ሲይዘን ሦስቱ ይደነግጣሉ።

የቦታው ባለቤት ደግሞ መጥቶ፣ ቆቡን አውልቆ፣ ካራቫኖቹን ለቁራሌው ሊሸጣቸው መሆኑን ነገረን። ሎጅ ይሠራል። የከርሞ ክረምት የለም። ፋናዬ «እሰይ፣ ይቅናህ» አለችው። ደምረው ምንም አላለም፣ እንግዳ እያለ ዝም ሲል ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።


8

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ተከትሎኝ መጣ። ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚጥልላቸውን ሰው እየጠበቁ ቆመዋል። ደምረው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና «እንዳትደነግጪ» አለኝ፤ «እኔና ፋናዬ ለብቻችን ስንሆን ካልተነጋገርን ዓመታት አልፈዋል» አለኝ። አልደነገጥኩም። አለመደንገጤ እሱን አስደነገጠው።

የነገረኝ ይህ ነው። አንድ ልጅ ሴት ልጃቸውን ሰናይትን ወደደ፣ እሷም ወደደችው፣ ሽማግሌ ላከ። የዝናብ ቀን ነበር። ደምረው ሽማግሌዎቹን በረንዳ ላይ አቆማቸው። ቁጭ በሉ አላለም። ጉዳያቸውን ቆመው እንዲናገሩ አደረገና «ሂዱና ተመለሱ» ብሎ ሸኛቸው።

ልጁን ጠልቶት አልነበረም፤ እንዲያውም ወዶት ነበር። ነገር ግን እሱ ራሱ ፋናዬን ሲያስጠይቅ አባቷ እሱ የላካቸውን ሽማግሌዎች ደጅ አቁመው ነበር የመለሷቸው፣ ደጋግመው። በሦስተኛው ነው «ቁጭ በሉ» ያሉት።* ደምረው የሴት ልጅ ክብር እንዲህ ነው ብሎ ያዘ። ለሰናይትም ያንኑ ክብር ሰጣት።

ፋናዬ ይመለሳሉ ብላ ዶሮ ሠራች። ከጎረቤት ወንበር ተዋሰች።

አልመጡም።

ሽማግሌ ሆነው የመጡት የልጁ የመሥሪያ ቤት አለቆች ነበሩ፣ ክራባት ያሰሩ የከተማ ሰዎች። ዝናብ ላይ አቁሞ መለሰን፣ አልፈለገንም አሉ። ልጁም አመነ። ብዙ ሳይቆይ ሌላ አገባ።

* ደንቡን ለማያውቅ፦ ሽማግሌ ቁጭ በሉ ካልተባለ አይቀመጥም። በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ልጅን ማርከስ ነው ተብሎ ተመለሱ ይባላል፤ የተባለውም እንደሚመለስ ያውቃል። ቁጭ በሉ ከተባለ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሁለቱም ወገን ደንቡን ሲያውቅ ነው።


9

ሰናይት ሐዋሳ መድኃኒት ቤት አላት፤ አንድ እሑድ ሐብሐብ ይዛ መጥታ ነበር። እናቷ ዓሣ ስታጥብ፣ እሷ ወንበሬ ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ሁሉንም እንደምታውቅ ነገረችኝ። ልጁ አሁን ራሰ በራ ሆኗል ብላ ሳቀች። «እኔ ከተውኩት ቆየሁ እትዬ» አለችኝ። «ሠርጉ የቀረው በእነሱ ላይ ነው።»


10

ፋናዬ ያን ጊዜ ምን አለችህ ብዬ ደምረውን ጠይቄው ነበር። ዶሮውን ለጎረቤት አከፋፍላ ስትጨርስ አንድ ነገር ብቻ ብላዋለች፦ «አንተ የምትመለስ ስለሆንክ ሰው ሁሉ የሚመለስ መሰለህ።» ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ አታናግረውም። እሱም ኮራ። ኩራቱ ሲያልፍለት ደግሞ አፍ መክፈቻው ጠፋበት።

«አንቺና መምህር ሽማግሌ ሁኑልኝ» አለኝ። «አዲስ አበባ ያለው ቤት እንግዳ የለውም አስካለች። እዚያ ገብቼ ከእሷ ጋር ዝም ብዬ መሞት አልፈልግም።»

ሴት ሽማግሌ ሆና አትላክም አልኩት። ሌላ ሰው ካለ ጥሪው አለኝ። አባ ኮዳዎቹን አየሁ፣ እነሱም አይሆኑም። እሺ አልኩ። ለመምህር ጥላዬ ጉዳዩን ስናስረዳ ድምፃችን ሐይቁን ሳይሻገር አልቀረም፤ ፋናዬ ቀድማ ሰምታ ከሆነም አላውቅም።


11

እንግዳ ባለበት

(የመሄጃችን ዋዜማ፣ ከሰዓት። እኔና መምህር በራቸው ላይ። ደምረው ከካራቫኑ ጀርባ።)

ፋናዬ፦ ምነው ቆማችሁ? ግቡ እንጂ።

እኔ፦ ጉዳይ አለን። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።

(ፈገግታዋ ጠፋ። እንግዳ እያየ ሲጠፋ የመጀመሪያው ነው።)

መምህር ጥላዬ፦ ወንድማችን ደምረው ሽማግሌ አቁሞ በመመለሱ አጥፍቻለሁ ይላል። ይቅር እንዲሉት፣ እንግዳ በሌለበትም እንዲያናግሩት ይለምናል።

ፋናዬ፦

መምህር ጥላዬ፦ ምን አለች?

እኔ፦ ገና ምንም አላለችም።

(ነፋሱ ተነሥቷል። ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል። ውስጥ አራት በርጩማ ይታየኛል።)

ፋናዬ፦ ሂዱና ተመለሱ።


12

ተመለሱ።

በማን? ነገ ጠዋት እኔ በመምህር ቮልስዋገን ወደ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። እነሱን ሰናይት መጥታ ከሰዓት ትወስዳቸዋለች። በመሃል ጊቢው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሽማግሌ የለም፣ ጎረቤት የለም፣ የሚመለስ የለም። ፋናዬም ይህን ታውቃለች። ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው፤ ሄጄ ልነግራት ሁሉ ተነሥቼ ነበር። ጉልበቴ አስቀመጠኝ።

ለደምረው የተባልነውን ነገርኩት። ቁጭ በሉ አለቻችሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላለችም አልኩት። ይከፋዋል ብዬ ስጠብቅ ፊቱ ለመሳቅ ቃጣው።

«ቁርጥ አባቷን» አለ።


13

ጠዋት ካፊያ አለ። መምህር ሻንጣዬን ጫነልኝ። ስሰናበታቸው ሁለቱም ስመውኝ ነበር፤ ፋናዬ በመስኮት፣ ደምረው ከውጭ። ለምን ከውጭ እንደሆነ ያኔ አልጠየቅኩም። ተላጭቷል። ለሠርግና ለቀብር የሚለብሰውን ኮት ለብሷል፣ ከላዩ ነጭ ጋቢ።

መኪናው ውስጥ ገብቼ ስዞር፣ ራሱ ባደረበት ካራቫን በር ላይ ቆሞ ሲያንኳኳ አየሁት።

ሽማግሌው እሱ፣ ላኪውም እሱ።

በሩ ተከፈተ። ፋናዬ ደጁ ላይ ሆነች። እሱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ ካፊያው ጋቢው ላይ ይወርዳል። ልክ ያን ጊዜ መምህር ሞተሩን አስነሣው። ቮልስዋገን ሲነሣ የሚያሰማውን ጩኸት የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

«መምህር፣ ትንሽ ያጥፉት» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ያጥፉት!»

«አዎ፣ ታጓራለች፣ አርጅታለች» አለና ነዳው።

አንገቴን አዙሬ እስከ መውጫው ግራር ድረስ አየሁ። ደምረው እንደቆመ ነው። የፋናዬ እጅ በሩ ላይ ነው። አፏ ተከፈተ፤ ተናገረች፣ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የማይመለከተኝን ስሰማ ኖሬ ያቺን አንዲት ቃል አልሰማሁም። ከዚያ ግራሩ ጋረዳቸው።


14

እንግዳ በሌለበት

ደምረው፦ ተመልሻለሁ። (ይህን በጎን ስናልፍ ከከንፈሩ አንብቤዋለሁ።)

ፋናዬ፦