ለአባቷም ያላዳላችው ሥራ አስኪያጅ

ስላቪትሳ የግብርና ንግድ ልትማር ኖቪ ሳድ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ፣ አባቷ ራዶይኮ «እንጆሪ ለመልቀምም ዲግሪ ያስፈልጋል እንዴ?» እያለ መንደሩን ሲያስቅባት ከረመ። አራት ዓመት ተማረች። ስትመረቅ አንዱ ጓደኛዋ የዘር ኩባንያ፣ ሌላዋ የምግብ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ገቡ። እሷንም አንድ ባንክ ጠርቷት ነበር። እሷ ግን ወደ መንደሯ አሪልዬ ተመልሳ አባቷም ያለበት የሠላሳ አንድ እንጆሪ አምራቾች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ሆነች።

መንደሩ እስከዚያ ድረስ ምርቱን የሚያስረክበው ለአንድ የማቀዝቀዣ መጋዘን ባለቤት ነበር። ሰውየው ዋጋውን የሚናገረው ፍሬው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ ነው፤ እንጆሪ ደግሞ ቆይ ቢሉት አይቆይም። ስላቪትሳ ጀርመን አገር ገዢ አገኘች። ገዢው የጠየቀው እያንዳንዱ ገበሬ ምን የተባይ መድኃኒት፣ መቼ እንደረጨ ጽፎ እንዲያስረክብ ነው። ቤት ለቤት እየዞረች አጻጻፉን አሳየች። ሠላሳው ጻፉ። ራዶይኮ ግን «እርሻዬን እኔ አውቀዋለሁ» ብሎ እምቢ አለ።

የጭነቱ ቀን ግን ትራክተሩን ሞልቶ ማኅበሩ መጋዘን ደጅ ከሁሉም ቀድሞ ተሰለፈ።

«አባባ፣ ያንተን አልቀበልም» አለችው።

ራዶይኮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በሰው ፊት?» አላት።

«አንተን ካሳለፍኩ ሌላውን በምን አፌ እመልሳለሁ? አንድ ሣጥን ችግር ከተገኘበት የሁሉም ጭነት ነው የሚመለሰው።»

«ያስተማረሽ እኮ ይሄው እንጆሪ ነው።»

ስላቪትሳ የሚቀጥለውን ገበሬ ስም ጠራች። ራዶይኮ ትራክተሩን አዙሮ ሄደ፤ ፍሬውንም ለጭማቂ ፋብሪካ በርካሽ ጣለው። እሷ መጋዘኑ ጀርባ ሄዳ አለቀሰች፤ ፊቷን ታጥባም እስኪመሽ ስታስጭን ዋለች። ከዚያ ጭነት አንድ ሣጥን እንኳ አልተመለሰም።

ለቀማው ካለቀ በኋላ ማኅበሩ ሲሰበሰብ አንድ የአጎቷ ልጅ ተነሥቶ፣ ለአባቷ ያልራራች ለእኛ መቼ ትራራለች፣ ሌላ ሰው ይሾም አለ። ብዙዎች በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ ከኋላ ወንበር ራዶይኮ ቆመ።

«የተጎዳሁት እኔ ነኝ፤ እናንተ ምን ቤት ናችሁ?» አለ። «ለእኔ ያላዳላች ለማንም አታዳላም። ትቀጥል።»

እጁን አወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ስላቪትሳ ሥራዋ ላይ ቆየች፤ በዓመቱም ስምንት ገበሬዎች ተጨመሩ። ራዶይኮ ግን ከስብሰባው በኋላም ቢሆን አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገራትም።